ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ!

"ማነው ይሄን የጻፈው?!"

ዶክተሩ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው... አራቀው... አቀረበው... መነጽሩን አውልቆ መልሶ አደረገው።

"እኔ ማንበብ ያቃተኝን እሳቸው እንዴት አድርገው ያንብቡት?"

የጻፈው ከፊቱ የቆመው ወጣት ነው።

እናቱ ከውስጥ በመሣሪያ ነው የምትተነፍሰው...

እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። አንድ ማተሚያ ቤት ነው የምንሠራው፤ እሱ ዲዛይነር፣ እኔ የማሽን ሠራተኛ። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ኮመንት ላይ ስድብ ሳትጀምሩ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ አደራ።

ልጁ ጎበዝ ነው። ይሄን መካድ አይቻልም። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ የዓለምን ዲዛይን ሲያገላብጥ ይውላል። "ምን እያደረግክ ነው?" ስትሉት "ኢንስፒሬሽን እየፈለግኩ" ይላችኋል።

አንድ ቀን የመድኃኒት ሥራ መጣ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚቀባ ፈሳሽ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እሱ ሠራው።

እውነቱን ልናገር... እንደሱ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። ብርቱካንማ መደብ፣ ከላይ የመድኃኒቱ ስም በትልቁ። ላየው ሰው ጭማቂ ነው የሚመስለው።

የቀረው ጽሑፍ ግን ፀጉር በሚያህል ቀጭን ፎንት፣ ከመደቡ ብዙም በማይለይ ቀለም፣ ታች ጥግ ላይ ተወሽቋል።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ የቆየ ሕግ አለ። የትኛውም ሥራ ከመታተሙ በፊት ናሙናው በር ላይ ለሚቀመጡት ሽማግሌ ዘበኛ ይሰጣል። ዓይናቸው ደክሟል፣ መነጽር ግን የላቸውም። ለዛ ነው በቀልድ "ጋሽ መነጽር" የምንላቸው። ወረቀቱን እጃቸውን ዘርግተው ይይዙታል። ካነበቡት ይታተማል፣ ካላነበቡት ይመለሳል። አለቀ።

ጋሽ መነጽር ናሙናውን ተቀበሉ። እጃቸውን ዘረጉ... አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ...

"ልጄ፣ ስሙ ይታየኛል። እዚህ ታች ያለው ምንድነው? ጉንዳን ነው?"

ሁላችንም ሳቅን። የሱ ፊት ግን ጠቆረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ዘመናዊ ዲዛይን ነው። ፊደሉ ከወፈረ ውበቱ ይበላሻል!"

"ውበቱን ማን ጠላ? የሚያነበው ሰው ጠፋ እንጂ። እስኪ ለእናትህ አሳያት።"

"እናቴን እዚህ ውስጥ ምን አመጣት!"

ናሙናውን ነጥቆ ወደ እኔ መጣና "አትመው" አለኝ።

ከወር በኋላ ሥራው በዲዛይን ውድድር አንደኛ ወጣ። የዛን ዕለት አንድ ጠርሙስ ለእናቱ ይዞ ገባ።

እናቱ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን ያሳደገችው ናት። ከዛ ሁሉ ዓመት ስፌት በኋላ ጉልበቷም ዓይኗም ከድተዋታል።

"እማ፣ እንቺ ለጉልበትሽ። ያሸለመኝ ሥራ ይሄ ነው!"

"እሰይ የኔ ጌታ! እንዴት ነው ታዲያ የምጠቀመው?"

እሱ ስልኩ ላይ ነው። እንኳን ደስ አለህ ላሉት ሁሉ እየመለሰ... ቀና እንኳን ሳይል፦

"ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ እማ!"

ጠርሙሱን አገላበጠችው። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች...

"ልጄ፣ ፊደሉ ትንሽ አላነሰም?"

"ኧረ እማ! አንቺም እንደ ዘበኛው? አይገባሽም፣ ተይው!"

ተወችው። ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ጠዋት አንድ ማንኪያ... ማታ አንድ ማንኪያ... ጠጣችው።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘቻት።

ያ ጉንዳን የመሰለው ጽሑፍ "ለመቀባት ብቻ። መርዛማ ስለሆነ አይጠጣም" ነበር የሚለው።

የዛኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ዶክተሩ ተመልሶ ወጣ። "ልናተርፋቸው አልቻልንም" አለን።

ገና የከፋው ነገር አልመጣም።

ጎረቤቷ እዛው ኮሪደር ላይ ደረቷን እየደቃች "እኔ እኮ ላንብብልሽ ብያት ነበር!" አለች።

ልጁ ቀና አለ።

"'ተይው' አለችኝ። 'ልጄ የጻፈው አይነበብም ሲባል መስማት አልፈልግም። የተሸለመበት ነው፤ ጥፋቱ የኔ ዓይን ነው' ብላ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰደችው።"

ልጁ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ለቅሶው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እሱን ብቻ እንዳትረግሙት። ማሽኑን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ጋሽ መነጽር እንዳላነበቡት ዓይኔ እያየ "ምን አገባኝ" ብዬ አተምኩት። ይኸው እዳዬን ይዤ አለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ማተሚያ ቤት መጣ። የእናቱ ፎቶ ያለበትን የቀብር ማስታወቂያ ሠርቷል። ወደ እኔ ማሽን አልመጣም። በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን በሁለት እጁ ለጋሽ መነጽር ሰጠ።

"ጋሼ... ይነበባል?"

ጋሽ መነጽር እጃቸውን ዘረጉ። ስሟን ጮክ ብለው አነበቡ። ዕድሜዋን አነበቡ። የቀብሩ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ይነበባል ልጄ... ይነበባል" አሉት።

ወዳጆቼ፣ የሠራችሁት ነገር ምን ቢያምር፣ ለደከመው ሰው ካልደረሰ አልተሠራም። "አልታየኝም" የሚላችሁን ሰው አትሳቁበት። ምናልባት ሊያድናችሁ ነው። እናት ስትጠይቅ ደግሞ ቀና ብላችሁ መልሱላት... ዓይናችሁን ከስልካችሁ ላይ ነቅላችሁ።

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ... እናታችሁ ጠይቃችሁ "አይገባሽም" ብላችሁ ያለፋችኋት የመጨረሻው ነገር ምን ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉት። ከዛ በፊት ግን ደውላችሁ መልሱላት።