ለሦስት የማይካፈል ሳምንት

ሀረገወይን ያወጣችው የውኃ ተራ ሁለት ላም ገደለ።

ላሞቹ የወደቁት ባለፈው ሰኞ ማለዳ፣ የመንግሥት የውኃ ሞተር ገና ሳይነሳ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ያው መንጋ ሞተሩ ደጃፍ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት ድረስ ሊፈልጓት መጥተው ባዶው አራተኛ ክፍል ውስጥ አገኟት። አንዱ ጃታኒ ነው፤ በሊበን ጉድጓዶች የከብት ተራ የሚቆጥር ሽማግሌ፣ በአገሩ አጠራር አባ ሄሬጋ። ሌላው ሞተሩን የሚያስነሳው ጡረተኛ ወታደር ኃይለማርያም፤ ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን መምጣቱ ነው።

“አካም፣ ኢንታላ፣” ብሎ ጃታኒ በኦሮምኛ ሰላም አላት። “ከብቴ ዛሬ ካልጠጣ ነገ ሌላ ይወድቃል።”

“ነገ ሰኞ ተራው ነው፣” አለ ኃይለማርያም። “እሑድ ሞተር አይነሳም። ይኸው ወረቀቱ፤ የእርስዎ ፊርማ ነው፣ መምህርት።”

ፊርማው የእሷ ነው። ከዩኒቨርስቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ነገሌ የተላከች ናት፤ የውኃ ጽሕፈት ቤቱ “ሒሳብ ታውቂ የለም ወይ?” ብሎ ሲያዛት ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ሦስት መንጋ፣ ስድስት ቀን። አንዱ ሰኞና ሐሙስ፣ አንዱ ማክሰኞና ዓርብ፣ አንዱ ረቡዕና ቅዳሜ። እሑድ ዕረፍት። ልቅም ያለ ሥራ መስሏት ነበር። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ግን አራት ቀን ነው፤ በዚህ ድርቅ ላም የምትችለው ሦስት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስትደልዝ ስትጽፍ ከረመች። የአንዱን መንጋ አራት ቀን ስታጠፋው የሌላው ላይ ይበቅላል።

“እርስዎ ሲቆጥሩ እንዴት አይዛነፍብዎትም?” አለችው ጃታኒን። ስትጠይቅም ድምጿ ይቆጣል።

“በናንተ ሳምንት መቼ ቆጠርኩ? የቦረና ቀን ሃያ ሰባት ስም አለው። የኔ ከብት ሶርሳ ቀን ይጠጣል። ከዚያ በሦስተኛው፣ ዋላ።” ጣቱን እያጠፈ ዘጠኝ ስም ጠራ፤ የመጨረሻው ጋርባ ዱላቻ ነበር።

“ከዚያስ?”

“ሶርሳ ነዋ!”

“ሁልጊዜ?”

“ዝናብ እስኪመጣ። ሌላው ሰው የራሱ ዘጠኝ አለው፤ ሦስተኛውም የራሱ። ምን ያጣላናል?”

ጠመኔ አነሳች። ሃያ ሰባት ለሦስት፣ ዘጠኝ፤ የሚተርፍ የለም። ሰባት ለሦስት፣ ሁለት፤ አንድ ይተርፋል። ላሞቹን የገደላቸው ይህ አንድ ነው። የተረፈውን ቀን ለዕረፍት ሰጥታ ጨረስኩ ብላ ነበር።

እንዲያውም ቆጠራውን እሑድ ላይ ባታቆመውስ? የጃታኒን ከብት እሑድንም ሳትዘል በየሦስት ቀኑ አስኬደችው። ሰኞ። ሐሙስ። እሑድ። ረቡዕ። ቅዳሜ። ማክሰኞ። ዓርብ። ከዓርብ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ።

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ። ሰባቱም ቀን አለ። አንዱ አልተደገመም፣ አንዱ አልቀረም። ማንም ሳይመድባቸው ከብቶቹ የሳምንቱን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ አንኳኩተው ተመለሱ። ይህን ደንብ ዩኒቨርስቲ ሳለች በፊደል ጽፋ አረጋግጣለች፤ ዘጠና አምስትም አግኝታበታለች። ያን ጊዜ ሰውነቷን ውርር አላደረጋትም ነበር።

“ምን ሆንሽ? ጅብ አየሽ?” አለ ጃታኒ።

“ይቆዩ!” አለችው።

ኃይለማርያም ወደ ሰሌዳው ቀረብ ብሎ በጣቱ ቆጠረ። አንዴ ጨርሶ እንደገና ጀመረ። “እሑድም አለችበት፣” አለ በመጨረሻ።

“አለችበት፣ ጋሼ። ሺህ ዓመት ቢቆጠርም አትወጣም። ሦስቱ መንጋ ቀን በቀን ይፈራረቃል፤ ሞተሩ በየቀኑ ይነሳል።”

“ዕረፍቴን በጠመኔ ወሰዱብኝ! እግዜር እንኳ በሰባተኛው ቀን ዐርፏል።”

“የሱ ከብት ዝናብ ይጠጣላ፣” አለ ጃታኒ።

ኃይለማርያም ሳቁን አፍኖ ነጠላው ሥር እጁን ሰደደ፤ የሞተር ቤቱን ቁልፍ አወጣ። ግን አልሰጣትም። “አለቃ ቢጠይቀኝስ?”

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቃ ፊርማዋን ሰረዘች። ከሥሩ “ተሳስቻለሁ” ብላ ጻፈች፤ ለሦስቱም መንጋ ሰባቱን ቀን እንደ ሰሌዳው ደርድራ እንደገና ፈረመች። “ይህን ያሳዩት። ቁልፉን ይስጡኝ።”

“ሞተር አስነስተው ያውቃሉ? ማስነሻው ብረት ወደ ኋላ ሲመታ እኮ እጅ ይሰብራል።”

“በመንገድ ይነግሩኛል።”

ሁለቱን አስቀድማ ወጣች። ውጭ ነፋሱ ቀዩን አቧራ እያነሳ ነው። ዞራ ሰሌዳውን አየችው፤ አላጠፋችውም። አቧራው እንዳይደርስበት በሩን ገጥማ ዘጋችው።