የገበያ እንቁላል

ነርሷ የክንድ መለኪያውን በትንሿ ልጅ ክንድ ላይ ጠቅልላ አነበበችው። ምልክቱ ቀዩ ላይ አረፈ።

"በምግብ እጥረት ክፉኛ ተጎድታለች። የማን ልጅ ናት?"

"የኔ" አለች እንቁላል ሻጯ፣ ከኋላ ወንበር።

የብድር ቡድኑ ሴቶች ዘወር ብለው አዩዋት። እዚህ አዳራሽ የሚመጡት ብድራቸውን ሊከፍሉ ነው፤ ከክፍያው በፊት ግን የጤና ትምህርት አለ፤ የቀረችም ትቀጣለች። የዛሬው ስለ ልጆች ምግብ ነበር። ነርሷ አትክልት አቀቃቀል ልታሳይ የጣደችው ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይንተከተካል።

"በብድሩ ዶሮ የገዛሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?" አለች ነርሷ። "እንቁላል ቤትሽ ሞልቶ ልጅሽ እንዲህ ትክሳ? እህቶቼ፣ የሚጎዳን ድህነት ብቻ አይደለም፤ አለማወቅም ነው።"

አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ከጎኗ የተቀመጠችው ወተት ሻጭ ግን አንገቷን ደፋች።

እንቁላል ሻጯ ደሟ ፈላ። አለማወቅ! ሌሊት ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር የጎድን አጥንቷ የሚወጋው እሷን ነው፣ ነርሷን አይደለም።

ትምህርቱ አልቆ ክፍያው ሳይጀመር፣ ለሰፈሩ ባለሱቅ ሸጣ የዛሬውን ዕዳ የምትከፍልበትን እንቁላል ከነካርቶኑ ብድግ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አንድ በአንድ ድስቱ ውስጥ ትጨምረው ጀመር።

"ኧረ ተይ!" የቡድን መሪዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "የዛሬውን በምን ልትከፍዪ ነው? ያንቺ ዕዳ እኮ ዞሮ ዞሮ እኛው ላይ ነው የሚወድቀው!"

"ተማርኩ እኮ፣ እትዬ! አወቅኩ!" ድምጿ አዳራሹን ሞላው። "ዶሮ ግዢ አላችሁኝ፣ ገዛሁ። እንቁላሉን ሽጪና ክፈዪ አላችሁኝ፣ ሸጥኩ፤ ልጄንም የገበያ ነው፣ እንዳትነኪ አልኳት። አሁን ደግሞ ልጅሽን አብዪ ትሉኛላችሁ። ሲስተር፣ አንዱን እንቁላል አብልቼ ነው የምሸጠው ወይስ ሸጬ ነው የማበላው? እስቲ እሱንም አስተምሪኝ!"

የቡድን መሪዋ እሳቱን ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። እንቁላል ሻጯ ከምድጃው ፊት ንቅንቅ አላለችም፤ ዓይኗን ስታይ የቡድን መሪዋ እጇን ሰበሰበች።

እንቁላሎቹ በፈላው ውሃ ውስጥ ይጋጩ ጀመር።

ሲበስል አንዱን አወጣች። ጣቷን እያቃጠላት ላጠችው፤ እፍ እፍ አለችበት፤ ከዚያም ልጇ ፊት ቁጢጥ ብላ ዘረጋችላት።

"እንኪ የኔ እናት፣ ብዪ።"

ልጅቷ እንቁላሉን አየችው። ዝም ብለው የሚያዩዋትን ሴቶች አየች። ቀስ ብላ ሁለት እጆቿን ወደ ጀርባዋ ደበቀች።

"እማ፣ እኔ አልነካሁትም" አለች።