ሲስቁ ይነጋል

ሽታዬ ተከራይዋን ልታስወጣው ነው።

ተከራይዋ አልአዛር ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምራል። ጸጥ ያለ ሰው ነው፤ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ጥፋቱ አንድ ነው። እራት ላይ ከልጇ ከማርያማዊት ጋር ስለ ፍቅር ይከራከራል።

«ሰው የሚመኘው የጎደለውን ነው» ይላል እሱ።

«የያዘውንስ አይመኝም?» ትላለች ልጅቱ።

ሽታዬ ወጥ ስትጨምርለት «በቃኝ፣ ይቀመጡ እንጂ» ይላታል። አትቀመጥም። ቆማ ትሰማለች።

እሷን ከትምህርት ቤት አስወጥተው በልጅነቷ ነው የዳሯት። ባሏ ሞቷል። ማርያማዊት ዘንድሮ ትመረቃለች። ሳትመረቅ ብትወሰድባትስ?

ቅዳሜ ባህል አዳራሽ ግጥም ይነበብ ነበር። አልአዛር እናትና ልጅን ጋበዘ። መድረክ ወጣና አነበበ፦

«ሲስቁ ይነጋል፣ ሲቆጡ ይመሻል፤
ዞር ቢሉማ ልቤ፣ መድረሻውን ያጣል።»

«እነማን ናቸው የሚስቁት?» ብሎ አንድ ተማሪ ከኋላ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። አልአዛር ላብ በላብ ሆኖ ወረደ።

መንገድ ላይ ማርያማዊት ሳትጠየቅ አስረዳች።

«ዓይኖች ናቸው እኮ፣ እማ። ዓይን ሁለት ስለሆነ ነው ‹ሲስቁ› ያለው።»

«የማን ዓይን?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች።

ሰኞ ፒያሳ፣ የጎረቤት ባለሱቅ ሙንተሃ ወሬውን ሰምታ ጠበቀቻት።

«ምን ያስኮርፍሻል? የተማረ አማች ቤትሽ ድረስ መጣልሽ!»

«የተማረ ከሆነ አርፎ መጽሐፉን አያይም?»

«ይልቅ ሽማግሌ ሲልክ ይቺን ቀሚስ እንዳትለብሺ። አዋርደሽ ትገድይናለሽ።»

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች በር አንኳኩ። አልአዛር እቤት አልነበረም።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶቼ» አለች ሽታዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ትልቁ፣ አቶ በርናባስ።

«ጉዳያችሁ ገብቶኛል። ልጄ ሳትመረቅ አልድርም። አልአዛርንም ቤቴን ልቀቅ በሉልኝ።»

ማርያማዊት ከጓዳ ወጣች። ስታለቅስ ቆይታለች።

«እማ፣ በእናትሽ! እስኪ መጀመሪያ ይናገሩ።»

አቶ በርናባስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ልጅቱ ዞሩ።

«ተባረኪ። ጥያቄውም ላንቺ ነው፣ ልጄ፤ እናትሽን ለአልአዛር ስጪን።»