ከጠረጴዛው እግር ሥር

መጻሕፍት ለመጨረሻ ጊዜ ባነበባቸው ሰው ድምፅ መናገር ከጀመሩ ወዲህ የመጻሕፍት መደብሬ ገበያ ቀዝቅዟል። የአብዮቱን መጽሐፍ አንድ የታክሲ ረዳት አንብቦት ስለመለሰ፣ ሲገለጥ «ጭቁኖች ሆይ፣ ተነሡ!» የሚለው ወደ መገናኛ ተሳፋሪ እንደሚጠራ ነው።

ቅዳሜ እዚሁ ከምናዘጋጀው የግጥም ምሽት በፊት የድሮ ደንበኛዬ ጋሼ ድልነሳው መጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው። ወዲያው ዓይናቸው ከጠረጴዛው እግር ሥር በተወሸቀው መጽሐፍ ላይ ዐረፈ።

«የመሬት ላራሹ ታሪክ! ስንት ዘመን ፈለግሁት! ሽጪልኝ።»

«ጠረጴዛውን ደግፏል፣ ጋሼ።»

«ጡብ አመጣልሻለሁ።»

«ጡብ አይስማማውም።»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ እየነገድሽ ነው ኪራይ የምትከፍዪው?»

ሻዩን ሳይነኩት እየሳቁ ወጡ።

ያን መጽሐፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበበው ሟቹ ባለቤቴ አሥራደ ነበር። ሌላ ሰው አንድ መስመር ካነበበ ድምፁ ይጠፋል፤ እኔም ብሆን። ስለዚህ እንግዶቹ ሳይመጡ በሩን ዘጋሁና መጽሐፉን መዝዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩት። ጠረጴዛው ተንጋደደ፤ የጋሼ ሻይ ተደፋብኝ።

አሥራደ ስለ ጭሰኞች ያነብ ጀመር። እንደ ልማዱ መሃል ላይ አቋረጠና «ሻይ የለም እንዴ?» አለ።

«ቀሚሴ ላይ ነው» አልኩት።