የተሰፋው ፓስፖርት

በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል፣ ሥርጉት ፓስፖርቷን ከአባቷ ከመሪጌታ እጅ ተቀበለች። የተቀበለችው ግን ፓስፖርት አይመስልም ነበር። መሪጌታ የፍየል ቆዳ አልብሰው፣ አራቱንም ጠርዝ በጅማት ሰፍተው፣ ማንገቻ አበጅተውለት፣ እንደ ክታብ አንገት ላይ የሚንጠለጠል አድርገውታል።

«አባባ፣ ምን አደረጉት? ነገ እኮ ነው የምበረው!»

«ምን አለበት? ከአንገትሽ አይወርድ።»

«አይከፈትማ! የአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊስ ፎቶዬን ልይ ሲለኝ የፍየል ቆዳ ላሳየው?» በጥርሷ ልትበጥሰው ሞከረች፤ ጅማቱ አልተነቃነቀም። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «የቤሩቷ! ትሳፈሪያለሽ ወይስ ቆዳ ትበያለሽ?» ሲል ተሳፋሪው ሳቀ። እንባዋ መጣ።

መሪጌታ ብርዕ የሚቀርጹበትን ካራ አውጥተው፣ አንዱን ጠርዝ ብቻ ቀስ ብለው ፈቱ። «ለፖሊሱ አሳዪው። የጎረቤታችንን የያምሮትን ፓስፖርት፣ ቤሩት በገባች ቀን እመቤቷ ተቀብላ ቆለፈችበት፤ ይኸው አምስት ዓመቷ፣ አባቷን እንኳ መጥታ አልቀበረችም። አንቺ እመቤትሽ ቤት ሳትገቢ መልሰሽ ስፊው። ፓስፖርትሽን ስትጠይቅሽ ጠፋ በያት፤ አንገትሽ ላይ ያለውን ስትጠይቅሽ ክታብ ነው በያት። ለሐሰቱ ንስሐ የምገባው እኔ ነኝ።» መርፌና የተረፈውን ጅማት በመዳፏ አኖሩላት።

ረዳቱ እንደገና ተጣራ። ሥርጉት መወጣጫው ላይ ያሳረፈችውን አንድ እግሯን መልሳ አወረደች።

«ቋጠሮውን ያሳዩኝ» አለች።