ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት

ጥር 1972 ዓ.ም.፣ ሆሳዕና።

የፊዚክስ መምህሩ ሳህሉ ፀሐይን በዓይኑ አያይም። የቴሌስኮፑን አፍ ወደ እሷ ያዞርና ከበታቹ ነጭ ወረቀት ይዘረጋል። ፀሐይ የሻይ ሳህን አክላ ወረቀቱ ላይ ትወርዳለች። ፊቷ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በእርሳስ ይነድፋል፤ ይቆጥራል። ቁጥሩን በየወሩ ውጭ አገር ላለ የፀሐይ መከታተያ ጣቢያ በፖስታ ይልካል።

ያ ዓመት ነጥቦቹ የበዙበት ነበር።

ረቡዕ ለተማሪዎቹ ንድፉን አሳያቸው። «እነዚህ ተቆጥተዋል። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይፈነዱ ይሆናል። ያኔ ከሩቅ አገር በአጭር ሞገድ የሚመጣ ድምፅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠፋል። የቅርቡ ጣቢያ ግን ምንም አይሆንም።»

ዓርብ ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከክፍል አወጡት።

ሚስቱ ጵርስቅላ በሩን ገፍታ ቀበሌው ቢሮ ገባች። ሊቀመንበሩ ወንዳፈረው አምና የእነሱን ጸሎት ቤት በገዛ እጁ ያሸገ ሰው ነው።

«ባልሽ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ሬዲዮ አጥፍቷል» አላት። «በዚያ መድፍ በሚመስል ነገር። ለውጭ ጠላትም ቁጥር ይልካል። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

ከሳህሉ በፊት የተላኩት ሁለት መምህራን አልተመለሱም።

«የቱን ሬዲዮ?» ጮኸች። «ትናንት መናኸሪያ ሻይ ቤት ነበርኩ። የመንግሥት ሬዲዮ ሲፎክር ነው የዋለው። አንዴ እንኳ ትንፋሽ አልወሰደም!»

«መረጃው ከታማኝ ሰው ነው።»

«ታማኙ ሰውዎ የውጭ ጣቢያ ካልሰማ፣ መጥፋቱን በምን አወቀ? እሱን አያስሩም?»

ወንዳፈረው እስክሪብቶውን ከደነ። «ውጪ!»

በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች። የታሪክ መምህሩ አሳምነው ትልቅ ሬዲዮ አለው፤ የሳህሉን የምክትል ርዕሰ መምህርነት ወንበርም ይመኛል። ግቢው መሃል አገኘችው።

«አንተ ነህ የሸጥከው!»

«በእናትሽ ቀስ በይ! የእኔ ሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ከጨረሰ ሁለት ወሩ ነው።»

«ቅጥፈትህ!»

ተማሪዎች እያዩ ተፋችበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሳምነውን «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው ሰው ጠፋ።

እሁድ ከቀትር በኋላ ወንዳፈረው ሳህሉን አስጠራው። ቴሌስኮፑ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

«ማጥፊያው የቱ ጋ ነው?»

«እኔ አላጠፋሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ፀሐይ ናት።»

«ፀሐይ!» ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ታጃጅለኛለህ? ረቡዕ ይጠፋል አልክ፣ ሐሙስ ጠፋ!»

ሳህሉም ጮኸ። «ዝናብ ይመጣል ያለ ሰው ዝናቡን አዘነበው ማለት ነው?»

ሊቀመንበሩ ጠባቂውን ሻይ እንዲያመጣ ላከው። በሩን ራሱ ዘጋ። ቀጥሎ መስኮቱን።

«ፈትቼሃለሁ። ይዘኸው ሂድ» አለ። ቁጣው ገና አልበረደም። «ሐሙስ ሐሙስ ግን ከአሥር እስከ አሥር ተኩል እንዳትነካው።»

ሳህሉ አልገባውም።

«የወንጌል ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ነው ያቋረጥክብኝ።»