የቡርሃንፑሩ ብር

ቫማንራኦ ያን ቀን ከማለዳው ጀምሮ እሳት ለብሷል። ወተቱ ቀጠነ፣ ምንጣፉ ተጣመመ፤ ጥፋቱ ሁሉ የምራቱ የሱላባ ነበር። የሟች አባቱን የብር ሳንቲም፣ በጥንቱ የሕንድ የሙጋል ነገሥታት ዘመን የተመታውን፣ ለሙዚየም ሊሰጥ ነው። አባቱ በስሙ ታስቦ እንዲኖር። የሙዚየሙ ባለሙያ ደግሞ ብሩ የተመታበትን ከተማ ልታረጋግጥ ትመጣለች።

ዶክተር ናፊሳ መጣች። ሱላባ በየዲዋሊው በዓል በወተት የምታጥበውን ብር በሳህን አቀረበችላት።

«ቡርሃንፑር ነው» አለች ናፊሳ፣ ገና አጉሊ መነጽሯን ከቦርሳዋ ሳታወጣ።

«አላልኳችሁም! የኛው ከተማ!» ቫማንራኦ ጭኑን መታ። «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ዕድሜ ይስጥዎ፣ ዶክተር!»

ናፊሳ መነጽሯን አውጥታ ጠርዙን አየች። ድሮ የመቺው መዶሻ ወደ ጎን ስቶ ኖሮ፣ ከከተማው ስም የአንድ ፊደል ጭራ ብቻ ነው የቀረው። አገላብጣ አየችውና ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ግን በመዶሻ አልተመታም። ከዋናው ላይ ቅርጽ ወስደው፣ ብር አቅልጠው ያፈሰሱት ቅጂ ነው።»

ቫማንራኦ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀም። ቀጥታ ወደ ምራቱ ዞረ።

«ሌባ! ካንቺ ሌላ ማን ይነካዋል? ለወንድሞችሽ አሻግረሽው ነው! ጓዝሽን ሸክፊና ውጪልኝ!»

«አባባ፣ በልጄ እምላለሁ አልነካሁም!»

«ልጁ እዚሁ ይቀራል!»

ሱላባ መሬት ላይ ተቀመጠች። ባሏ ግሪሽ እዚያው ቆሞ የጣቱን ቀለበት ያሽከረክራል። ሚስቱ ስትዋረድ አፉን የሚለጉም ወንድ፣ ባል መባሉ ራሱ ያበሽቃል።

«ይተዋት!» አለች ናፊሳ። «ቅጂው አሮጌ ነው። ስርጉዱ ውስጥ የደረቀው የአምልኮ ቀይ ቀለም የስንት ዓመት ነው! ይሄ ሲሠራ እሷ አልተወለደችም።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ያኔ ብሩ ያለው አባቴ እጅ ነው!» ዶክተርነቷም አንቱታውም ቀረ። «አባቴን ሌባ ልትዪው ነው? ከቤቱና ከቤተ መቅደሱ በቀር ደጅ የማያውቀውን ሰው? ከዚች ሌባ ጋር ተመሳጥረሻል! ዋናው የት እንዳለ ካወቅሽ ተናገሪ፣ ካለዚያ አሁኑኑ ትወጣለች!»

ናፊሳ ብሩን ሳህኑ ላይ ወረወረችው።

«ዋናው እናቴ አንገት ላይ ነው፤ እኔ የተወለድኩ ዕለት አባታችን ነው ያሰረላት።»